ጉራቻና ቡላ እስኪተዋወቁ

«ሽቦው ነው የቧጨረው» አለች ያኤል።

ሌንሳ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ተንበረከከችና የጥንቸሉን ጆሮ በሁለት ጣቶቿ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ጫፉ ተሰንጥቋል። ጉራቻ በኦሮምኛ «ጥቁር» ማለት ነው፤ ጥንቸሉም ከአፍንጫው እስከ ጭራው ከሰል ስለሚመስል ደሙ ፀጉሩ ላይ አይለይም። መድማቱን ያወቀችው ጣቶቿ ሲቀሉ ነው።

«የቱ ሽቦ?»

«ይሄ። ጭንቅላቱን ሲያሾልክ ይዞት ይሆናል።» ያኤል በሁለቱ የጥንቸል ቤቶች መካከል የተወጠረውን ሽቦ በጫማዋ ጫፍ አመለከተች። ትንፋሿ ገና አልተረጋጋም፤ ስትሮጥ የቆየች ትመስላለች።

ሌንሳ መዳፏን በሽቦው ላይ አስኬደች። ሽቦውን የወጠሩት አባቷ ናቸው፤ ጫፍ ጫፉን በፒንሳ ወደ ውስጥ አጥፈውታል። መዳፏን የጫረ ነገር የለም።  ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጣ መጣችና ጆሮውን ስትጠራርግለት ከከንፈሩ ጥግ የተጣበቁ ጥቂት ፀጉሮች አየች። ነጭ ናቸው።

ከወዲያኛው ቤት ውስጥ ነጯ ጥንቸል ቡላ ጀርባዋን ሰጥታቸው ጥግ ይዛለች።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ሌንሳ የመጣችው ከማጠናከሪያ ትምህርት ነው። ሁለቱም ጀሞ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ናቸው፤ ክፍላቸው ግን ይለያያል። የያኤል ክፍል ቅዳሜ የሚማረው ጠዋት ስለሆነ እሷ ቀድማ በታክሲ ወደ ለቡ ትመጣና እነሌንሳ ግቢ ጥንቸሎቹን ስታጫውት ትቆያለች። እንዲህ መዋል ከጀመረች ሰንብታለች።

ቡላ የያኤል ናት። ለያኤል እናት ለወይዘሮ ፅጌረዳ ከሆሳዕና የሚመጣላቸውን ነጭ የእንሰት ቡላ ስለምትመስል ነው ስሙ የወጣላት። ያደገችው ጀሞ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ነበር። የቤቱ ባለቤት ግን አንድ ቀን መጥተው እንስሳ የሚኖርበት ቤት አላከራየሁም አሉ። ወይዘሮ ፅጌረዳ ሰበታ አካባቢ ጥንቸል የሚያረባ ሰው እንደሚያውቁ ሲናገሩ ያኤል ያ ሰው ጥንቸሎቹን ለምን እንደሚያረባቸው ጠየቀች። መልሱን ስትሰማ ምሳዋን አልበላችም። በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ሌንሳን ፈልጋ አገኘቻት።

እነሌንሳ ግቢ ሰፊ ነው። የአባቷ የአቶ ቀጄላ ቤተሰብ ለቡ ላይ ሲያርስ የኖረ ነው፤ ዛሬ ከእርሻው የቀረው ከጓሮ ያሉት ጥቂት ላሞችና የጎመን መደብ ነው። አቶ ቀጄላ ጠዋት ወተት ያከፋፍላሉ፣ ከዚያ በፒካፓቸው የሰው ዕቃ ያመላልሳሉ። ሁለተኛ ጥንቸል ወደ ግቢው ትግባ ሲባሉ እምቢ አላሉም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። መራባት የለም።

ምክንያት ነበራቸው። ሌንሳ ትንሽ እያለች ሁለት ጥንቸሎች ተሰጥቷት ነበር። ሁለቱ ብዙ ሆኑ፤ የዕቃ ቤቱን መሠረት ከሥር ፈለፈሉት፣ ጎመኑን ከሥሩ ጨረሱት። ከዚያ አንድ ጠዋት የሰፈር ውሾች በአጥር ሾልከው ገቡ። የተረፈውን ሰብስባ ከጓሮ የቀበረችው ሌንሳ ናት። አሁን ያላት ጉራቻ ብቻ ነው፤ እሱም ብቻውን መኖር እንደሰለቸው ታውቃለች። ቀኑን ሙሉ የሽቦውን በር በጥርሱ ያንቀጫቅጫል።

ስለዚህ ጥንቸል መኮላሸት ይችል እንደሆነ አባቷን ጠየቀች። አቶ ቀጄላ ሳቁ። በግ የሚኮላሸው ሙክት እንዲሆን፣ በሬ የሚኮላሸው ለእርሻ እንዲገራ ነው፤ ጥንቸል ተኮላሽቶ ምን ሊሆን ነው አሏት።

«ጓደኛ እንዲኖረው» አለች ሌንሳ።

አባቷ መሳቃቸውን ተዉና የት እንደሚሠራ ጠየቋት።

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ደራርቱ ይበልጥ የሚያክሙት ውሻና ከብት ቢሆንም ጥንቸልም አክመው ያውቃሉ። ሁለቱ ልጆች አብረው ሊያማክሯቸው የሄዱ ዕለት ሌንሳ የጠየቀችው ጥያቄ ብዛት ያኤልን አሳፍሯት ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጉራቻ ምግብ ይከልከል ወይ ስትል ዶክተሯ ሌላው እንስሳ እንደሚከለከል፣ ጥንቸል ግን ማስመለስ ስለማይችል መከልከል እንደሌለበት፣ እንዲያውም ሆዱ ሥራ ካቆመ ከስፌቱ ይልቅ የሚገድለው እሱ እንደሆነ ነገሯት። ማስመለስ የማይችል እንስሳ መኖሩን ሌንሳ የሰማችው ያኔ ነው። ታክሲ ውስጥ ስለሱ ብቻ ስታወራ መጣች።

ከሁሉም ያስገረማት ግን ሌላ ነበር። ጉራቻ ከተኮላሸ በኋላም ለአንድ ወር ተኩል ያህል ሴት ማስረገዝ ይችላል።

«ፋብሪካው ቢዘጋም መጋዘኑ ውስጥ የቀረ ዕቃ አለ» አሉ ዶክተር ደራርቱ። ያኤል አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

እስከዚያ ድረስ ሁለቱ ጥንቸሎች ጎን ለጎን እንዲኖሩ፣ ሽታ እንዲለማመዱ ድርቆሻቸውን እየቀያየሩ እንዲያነጥፉላቸው፣ ሲበሉም ሽቦውን ከወዲህና ከወዲያ ይዘው እንዲበሉ ተነገራቸው። ጊዜው ሲደርስ ደግሞ የሚተዋወቁት ሁለቱም ኖረውበት በማያውቁት ቦታ መሆን አለበት። ጥንቸል ለሰው የዋህ ቢመስልም በቤቱ የመጣበትን ሌላ ጥንቸል ሊገድል ይችላል።

ሌንሳ ይህን ሁሉ እንደ አዲስ ቋንቋ ወሰደችው። ጉራቻ አገጩን በቡላ ድርቆሽ ላይ ሲያሽ «የኔ ነው» ማለቱ እንደሆነ ተረዳች። በኋለኛው እግሩ መሬቱን ሲመታ አንድ የፈራው ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ግቢው ላይ የሚያንዣብብ ጭልፊት ነው። ያኤል ግን ትሰለቻለች። «አንቺ ደግሞ ነገር ታካብጃለሽ። ዝም ብለን ብናገናኛቸው ምን ይሆናሉ?» ትላት ነበር። ጉራቻ ከተኮላሸ ግን ወር ተኩሉ ገና አልሞላም።

ጆሮው በተሰነጠቀ ማግስት፣ እሁድ ጠዋት፣ ሌንሳ ለላሞቹ ድርቆሽ ልታወጣ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ሄደች። አፈሩ ተጭሯል። ጥቁርና ነጭ ፀጉር እፍኝ እፍኝ እየሆነ ከሣሩ ሥር ተበትኗል።

ቆማ አየችው። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ለያኤል በቴሌግራም «ፎገርሽኝ አይደል?» ብላ ጻፈች። ሳትልከው አጠፋችው። ነገሩ ከተወራ አባቷ ጆሮ ይደርሳል። አባቷ ከሰሙ ቡላ ወደ ጀሞ ትመለሳለች፤ ከጀሞ ደግሞ ወደ ሰበታ። ሌንሳ ፀጉሩን በእጇ ለቅማ ፍግ ውስጥ ቀበረችው። ሰኞ ትምህርት ቤት ሲገናኙ ያኤል የጉራቻ ጆሮ እንዴት እንዳደረ ጠየቀቻት፤ እየዳነ ነው አለቻት። ሁለቱም ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ቡላ እንግዳ ነገር ጀመረች። ድርቆሹን አትበላውም፤ ረጅም ረጅሙን እየመረጠች ሙሉ አፏን ትነክስና ወደ ጥግ ትወስደዋለች። ጢም ያወጣች ትመስላለች። በማግስቱ ከደረቷና ከሆዷ ፀጉሯን እየነጨች በድርቆሹ ላይ ትደለድለው ጀመር። ሌንሳ እጇን ስትሰድ አንጎራጎረችና በፊት እግሯ መታቻት። ቡላ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ሌንሳ ይህን ከዚህ በፊት አይታዋለች። ትንሽ እያለች ከእንዲህ ያለው ጎጆ በሦስተኛው ቀን ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ ጣት የሚያህሉ ልጆች ወጥተው ነበር።

ያኤል ስትመጣ ጎጆውን አይታ ፊቷ ተለወጠ። ሙቀት ይሆናል አለች።  አቶ ቀጄላ ከወተት ሥራቸው ተመልሰው የቡላን የተላጨ ደረት ሲያዩ ጥንቸሏ ታማለች ብለው ካርቶን አመጡ። ሁለቱን ልጆች ፒካፑ ላይ ጫኑና ወደ ክሊኒኩ ነዱ።

ዶክተር ደራርቱ ቡላን ጠረጴዛው ላይ በፎጣ አቅፈው አረጋጓት። ደረቷን አዩ፣ ጆሮዋን ዳሰሱ፣ ከዚያ ቀና አሉ።

«ከወንዱ ጋር ተገናኝታለች?»

«አልተገናኙም» አለች ያኤል ቶሎ ብላ።

ዶክተሯ እጃቸውን ከቡላ ሆድ ላይ አነሱ። ሴት ጥንቸል ጎጆ የምትሠራው ወይ አርግዛ ነው፣ ወይም ሳታረግዝ ሰውነቷ አርግዣለሁ ብሎ ሲሳሳት ነው አሉ። የትኛው እንደሆነ በእጃቸው ዳስሰው ሊያውቁ ይችላሉ፤ ግን ከተገናኙ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ማወቅ አለባቸው፤ ጊዜው አጭር ከሆነ እጅ ይታለላል። ጨርሶ ካልተገናኙ ደግሞ በሽታ መፈለግ ሊኖርባቸው ነው። ለዚያ ደም መውሰድ፣ ምናልባትም ማደንዘዝ ይመጣል። ይህን የተናገሩት ማንንም ሳይወቅሱ ነው።

ሌንሳ አባቷን አየች። አቶ ቀጄላ በሩን ተደግፈው ባዶውን ካርቶን በብብታቸው ይዘዋል። ያኤልን አየች፤ ያኤል የሹራቧን እጅጌ ጫፍ በጥፍሯ ትተረትራለች። ከዚያ ቡላን። ቡላ በፎጣው መካከል አፍንጫዋን ታንቀሳቅሳለች፤ ምን እየጠበቃት እንደሆነ አታውቅም።

«ተገናኝተዋል» አለች ሌንሳ። ድምፅዋ ካሰበችው በታች ወጣ። «ሁለት ሳምንት አልፎታል። ቅዳሜ ቀን ነው።»

አቶ ቀጄላ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ማን እንዳገናኛቸው አልተናገረችም፤ እሳቸውም ገና አልጠየቁም።

«እኔ ነኝ የከፈትኩላቸው» አለች ያኤል። «ሌንሳ አልነበረችም። ሽቦ ነው ብዬ የዋሸኋት እኔ ነኝ።» እንባዋ መጣ።

ዶክተር ደራርቱ አመሰገኗቸው። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው የቡላን ሆድ በጣቶቻቸው ቀስ ብለው ፈለጉት። የሚፈልጉት የወይን ፍሬ የሚያህሉ፣ ተደርድረው የሚገኙ ጽንሶችን እንደሆነ እየነገሯቸው ነው። 

«የለም» አሉ በመጨረሻ። «ተሳስታለች።»

የሴት ጥንቸል እንቁላል እንደ ላም ወቅት ጠብቆ እንደማይለቀቅ፣ የሚለቀቀው ወንዱ ሲወጣባት እንደሆነ አስረዱ። ከዚያ በኋላ ጽንስ ባይኖርም ሰውነቷ የእናትነት ሥራውን ይጀምራል። ሌንሳ በዚያ ሁሉ መካከል ራሷን መግታት አልቻለችም። ሰውነቷ መሳሳቱን የሚያውቀው መቼ ነው ብላ ጠየቀች። ዶክተሯ ፈገግ አሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጎጆውን እንደምትተወው፣ የእሷም ማህፀን በቀዶ ሕክምና ቢወጣ እንደሚሻል፣ ይህም ከዚያ በኋላ እንደሚሆን ነገሯት። ለሴት ጥንቸል ማህፀኗ መውጣቱ መራባትን ለመከልከል ብቻ አይደለም፤ ዕድሜዋ ሲገፋ ብዙ ጊዜ የሚገድላት የማህፀን ካንሰር ነው።

ሲመለሱ ሦስቱም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ካርቶኑ ያኤል ጉልበት ላይ ነው።  አቶ ቀጄላ የጀሞን ማዞሪያ ሲያልፉ ለምን እንዳደረገችው ያኤልን ጠየቋት።

«ማዘር ጥንቸሎቹ ካልተስማሙ ለሰበታው ሰውዬ ነው የምሰጣት ብላ ነበር» አለች ያኤል። «ተስማምተው ሲጫወቱ ቀርጬ ላሳያት ብዬ ነው፣ ጋሽ ቀጄላ። ስከፍትላቸው ወዲያው ተያያዙ። ማላቀቅ አቅቶኝ ነበር።»

አቶ ቀጄላ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቡላ እስክትታከምና እስክትድን እሳቸው ጋ እንደምትቆይ፣ ለእናቷም ራሳቸው ደውለው እንደሚያስረዱ ነገሯት። ያኤል ግን ከእንግዲህ ሌንሳ በሌለችበት ከጥንቸሎቹ ጋር ብቻዋን አትሆንም። ያኤል እሺ አለች። በሯ ላይ አውርደዋት ካርቶኑ ወደ ሌንሳ ጉልበት ሲዛወር ደህና ዋሉ ማለትም ረሳች።

«አንቺስ?» አሉ አቶ ቀጄላ መኪናውን እያዞሩ። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«የዚያኑ ዕለት።»

«ሽቦውን ያጠፍኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ጆሮውን ሳየው ሽቦ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። እስክትነግሪኝ እየጠበቅኩ ነበር።»

 ሌንሳ እስከ ቤት ድረስ በካርቶኑ ቀዳዳ የምትወጣውን የቡላን አፍንጫ በጣቷ እየነካች ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያኤል አልመጣችም። ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ከሌሎች ልጆች ጋር ትቆማለች፤ ሌንሳን ስታይ ስልኳን ታወጣለች። ሌንሳ በአባቷ ፊት የተናገረችባት ይመስላት ይሆን፣ ወይስ አፍራ ነው? የጥንቸሎቹን ምልክት እንደምትለየው የያኤልን መለየት አልቻለችም። ቡላ ዶክተሯ እንዳሉት ጎጆዋን ተወችው፤ አንድ ጠዋት ራሷ የነጨችውን ፀጉር ስትረግጠውና ስትበትነው ተገኘች። ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሽቦው መጥታ ከጉራቻ ትይዩ ድርቆሿን በላች።

የቡላ ቀዶ ሕክምና ከጉራቻው የከበደ ነበር። ሆዷ ተከፍቶ የተሰፋ ስለሆነ አንድ ክፍል ውስጥ ለብቻዋ ማገገም ነበረባት። ሌንሳ የህመም ማስታገሻዋን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በአፏ ሰጠቻት። ሰርዶ አቀረበችላት፣ አልነካችውም። የካሮት ቅጠል ከተፈችላት፣ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ሌንሳ ስለ ጥንቸል ሆድ የተነገራትን አስታወሰች። ዶክተሯ ጋ ደወለች። ወድዳ የምትበላውን ነገር ፈልጊላት፤ እስከ ማታ ካልበላች አምጪያት አሏት።

ቡላ ወድዳ የምትበላውን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።  ሌንሳ ወደ ያኤል ደወለች።

«በሶብላ» አለች ያኤል ሳታስብ። «በረንዳችን ላይ የተተከለውን ሁልጊዜ እየሰረቀች ነበር የምትበላው። መጣሁ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከእናቷ ጋር ደረሰች። በሶብላውን ከነሥሩ ነቅላ፣ አፈሩ ሳይራገፍ በፌስታል ይዛዋለች። ወይዘሮ ፅጌረዳ ከሌንሳ እናት ጋር ሳሎን ሲቀመጡ ልጆቹ ወለሉ ላይ በደረታቸው ተኙ። ያኤል አንድ ቅጠል ቀንጥባ በጣቶቿ አሸችና ከቡላ አፍንጫ አጠገብ አኖረችላት። ክፍሉ በሶብላ በሶብላ ሸተተ። ቡላ አልተንቀሳቀሰችም። ያኤል እጇን ሳትመልስ ጠበቀች። ሌንሳ ይህን ያህል ስትጠብቅ አይታት አታውቅም። በመጨረሻ የቡላ አፍንጫ ፈጠን ፈጠን አለ፤ ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ እያጠረ ሄደ።

«ሌላ ስጫት» አለች ሌንሳ በሹክሹክታ።

ሁለተኛውንም በላች። ያኤል ጉንጯን ወለሉ ላይ እንዳስደገፈች ነው።

«ተናደሽብኛል አይደል?» አለች።

«ተናድጄ ነበር። ስለዋሸሽኝ እንጂ ስለከፈትሽላቸው አይደለም።»

«ሁለቱም ያው ነው።»

«አይደለም» አለች ሌንሳ። ያኤል ሦስተኛውን ቅጠል ቀነጠበች።

የቡላ ስፌት ድኖ፣ የጉራቻም ጊዜ ካለፈ ቆይቶ፣ ማስተዋወቁ ሊጀመር ደረሰ። ለዚህ ሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ጥንቸል አንድ። ሌንሳ እናቷን ልትጠይቅ ትችል ነበር። ያኤልን ጠየቀቻት።

ቦታው ግቢው ውስጥ ለኪራይ የተሠራችው፣ ገና ያልተከራየችው አዲሷ ሰርቪስ ቤት ሆነች። ከሁለቱ ጥንቸሎች አንዳቸውም ረግጠዋት አያውቁም። ሲሚንቶው እንዳያንሸራትታቸው አሮጌ ብርድ ልብስ አነጠፉ፤ ሲጣሉ በመካከል የሚያስገቡት ሰፊ ካርቶንና ወፍራም ፎጣ አዘጋጁ። እጅ እንዳይገባ ዶክተሯ አስጠንቅቀዋል፤ የጥንቸል ጥርስ አጥንት ይደርሳል።

የመጀመሪያው ቀን ሁለቱ እንዳልተያዩ ሆኑ። ጉራቻ ግድግዳውን እያሸተተ ዞረ፤ ቡላ ፊቷን ታጥባለች። ድንገት ቡላ ዞራ ከኋላው ወጣችበት። ያኤል ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ሌንሳ በክርኗ ነካቻት። ይህ እንኳ ቋንቋ ነው፤ አለቃው ማን እንደሆነ የሚወሰነው እንዲህ ነው። ጉራቻ ተንደርድሮ አመለጠና ከጥግ ሆኖ አያት። እዚያ ላይ አቆሙት፤ ሳይጣሉ መለያየት አለባቸው ተብለዋል።

ሁለተኛው ቀን ግን ከፋ። ተሳደዱ፤ አንዱ የአንዱን ጭራ ተከትሎ ክብ ሠሩና ፀጉር በነነ። ሌንሳ ካርቶኑን ጣል አደረገች። ያኤል ጉራቻን በፎጣ ጠቅልላ አነሳችው፤ የልቡ ምት ወደ መዳፏ ሲመጣ ይሰማታል። ሁለቱም ልጆች ፈርተዋል። የቡላን ቆዳ ፈልገው አዩት፤ ቁስል የለም። ሌንሳ እንግዲህ አይስማሙ ይሆናል ብላ አሰበች፤ አንዳንዶቹ ጨርሶ እንደማይስማሙ ዶክተሯ ሳይደብቁ ነግረዋታል። ነገ እንደገና እንሞክር ወይ ስትል ያኤል ለትንሽ ቀን ወደየቤታቸው ተመልሰው ይረፉ አለች። እንደዚያ አደረጉ።

እንደገና ሲጀምሩ ረጋ አሉ። አንድ ክምር ድርቆሽ ከሁለት ጎን በሉ። እርስ በርስ ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀመጡ፤ ጥንቸል ጀርባውን ለሚፈራው አይሰጥም። ያኤል አሁን ሳይነገራት ምልክቶቹን እየጠራች ትናገራለች፤ አንዳንዴም ከሌንሳ ቀድማ ታያለች። የጉራቻ ጭራ ሲነሳ «ተዘጋጂ» ትላታለች፤ ሁለቱም ካርቶኑን ይይዛሉ፤ ጭራው ሲወርድ ይለቃሉ።

አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈው ስለ ሚኒስትሪ ፈተና ሲያወሩ ቡላ ወደ ጉራቻ ሄደች። ፊት ለፊቱ ስትደርስ አገጯን ብርድ ልብሱ ላይ አስተኛችና ግንባሯን አቀረበችለት። ልጆቹ ወሬያቸውን አቋረጡ። ጉራቻ ቆየ። አሸተታት። ከዚያ ግንባሯን ይልሳት ጀመር፤ በዓይኖቿ ዙሪያ፣ በጆሮዎቿ ሥር፣ በቀስታ። ቡላ ዓይኗን ከደነች። ቆይታ በጎኗ ዘፍ ብላ ወደቀች። ያኤል ደንግጣ ልትነሳ ነበር። ሌንሳ እጇን ያዘቻት።

«ምንም አልሆነችም» አለች። «ተመችቷት ነው።»

ጉራቻ ጎኗ ተኛ። ያኤል ስልኳን ከኪሷ ልታወጣ እጇን ከተተችና ተወችው። 

ከውጭ የሌንሳ እናት ውሃ መምጣቱን ሲናገሩ ተሰማ። ውሃ በዚያ ሳምንት የመጣው ገና ያን ቀን ነው፤ መቼ እንደሚሄድም አይታወቅም። በርሜሎቹን የምትሞላው ሌንሳ ናት። ተነሳች። ያኤልም ተነስታ ፎጣውን አነሳች፤ ወደየቤታቸው ልትመልሳቸው ነው። ሌንሳ ከሌለች እሷም መውጣት እንዳለባት ታውቃለች።

ሌንሳ በሩ ላይ ቆማ ወደ ኋላ አየች። ጥንቸሎቹ አልተንቀሳቀሱም። ከወዲያ እናቷ እንደገና ጠሯት።

«ተያቸው» አለች። «አንቺ እዚሁ ሁኚ።»

ያኤል አየቻት። ከዚያ ፎጣውን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ቧንቧው ጋ አቶ ቀጄላ ጎማውን እያያያዙ ነበር። ልጅቷስ የት አለች ብለው ጠየቋት። ከጥንቸሎቹ ጋር ናት አለቻቸው። አቶ ቀጄላ ወደ ሰርቪስ ቤቱ ገርበብ ያለ በር ተመለከቱ፤ ከዚያ ወደ ልጃቸው። የጎማውን ጫፍ ሰጧት። ሌንሳ በርሜሉ ውስጥ ከተተችው፤ ውሃው በባዶው ቆርቆሮ ላይ እየጮኸ መውረድ ጀመረ።